እሾህ ብቻ ሲቀር፦ የጥንቶቹ እሾሃም ዓሦች እንዴት ይገኛሉ? በምንስ ይመደባሉ?

ድንጋይ ላይ አንዲት ጥቁር ነገር አያችሁ እንበል። የጣት ጥፍር ታህላለች፣ ጫፏ ሾሏል፣ ከላይ እስከ ታች መስመር መስመር አላት። ጥርስ ትመስላለች ግን ጥርስ አይደለችም። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት የዋኘ አንድ ዓሣ ክንፉ ፊት ላይ ተተክላ የነበረች እሾህ ናት። ዓሣው የለም፣ ክንፉም የለም፣ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እንግዲህ የማን ናት ተብሎ ሲጠየቅ ነው ጣጣው የሚጀምረው። ጣጣው ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ዋናው ቋጠሮ የላላው ግን ገና በ2013 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህን ዓሦች ሳይንሱ አካንቶዲያን ይላቸዋል። ሲሉሪያን በሚባለው የምድር ዘመን ታዩ፣ ፐርሚያን በሚባለው ጠፉ። ሲጠፉ ዳይኖሰር የሚባል ነገር ገና አልነበረም። የእኛዋ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። በመቶ አባዟት፤ የመጀመሪያዎቹ አካንቶዲያኖች ዘንድ ገና አልደረሳችሁም።

አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ከስንዝር አይበልጡም። ዛይላካንተስ የሚባለው ግን ከመንጋጋው ትልቅነት ሲገመት ሁለት ሜትር ያልፍ ነበር። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው እሾሁ ነው። ከጅራት ክንፍ በቀር እያንዳንዱ ክንፍ ፊት ላይ አንድ እሾህ ቆሟል። እንደ ክላይሜሺየስ ያሉት ይህም አልበቃ ብሏቸው በደረትና በሆድ ክንፎቻቸው መካከል ሌላ ጥንድ ጥንድ እሾህ ደርድረዋል። ቆዳቸው በጣም ደቃቅ በሆነ ቅርፊት ተሸፍኗል። ውስጣዊ አጽማቸው ግን በአብዛኛው ልም አጥንት ነው፣ ማለትም ጆሯችን ላይ ያለው ተጣጣፊው ዓይነት።

ልም አጥንት ይበሰብሳል፣ እሾህና ቅርፊት ግን አይበሰብሱም። የዚህ ቡድን የምርምር ታሪክ በሙሉ ከዚህች ነገር ነው የመጣው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ተመራማሪዎቹ ለብዙ ዘመን የመደቡት የተረፈላቸውን ነበር። የተረፈው ነገር ደግሞ ስለ ዝምድና ብዙ የሚናገረው ክፍል ላይሆን ይችላል።

ሙሉ ዓሣ የሚገኝባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ከሁሉ በፊት ዝና ያገኘው ሰሜን ስኮትላንድ ነው። ከ385 እስከ 390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ሰፊ ሐይቅ ነበር፤ ጂኦሎጂስቶች የኦርካዲ ሐይቅ ይሉታል። የሞተ ዓሣ ወደ ታች ይሰምጣል። ታች ያለው ውኃ ኦክስጅን ስለሌለው ሬሳውን የሚበላም የሚበታትንም እንስሳ አይደርስበትም። ደለል ይጫነዋል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ በሬሳው ዙሪያ ኖራ እየረጋ ይሄድና ጠንካራ ሞላላ ድንጋይ ይሆናል። ያንን ድንጋይ ጠርዙ ላይ በመዶሻ በደንብ ከመቱት ለሁለት ይከፈላል፣ ዓሣውም ግማሹ በዚህኛው ግማሹ በዚያኛው ላይ ተጋድሞ ይገኛል። በደንብ ካልመቱት ደግሞ እንክትክቱ ይወጣል።

ይህን ካወቁት ሰዎች አንዱ ሂው ሚለር ነው። በ1802 ክሮማርቲ በምትባል የስኮትላንድ ባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ሥራው ድንጋይ ጠራቢነት ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጠም። ድንጋይን በእጁ ስለሚያውቀው ግን የቱ ሞላላ ድንጋይ ዓሣ እንደያዘ ይለይ ነበር። ከእሱ ሌላ የአልታየሯ ሌዲ ጎርደን ከሚንግም ነበረች፤ ትሰበስባለች፣ ያገኘችውን ደግሞ በቀለም ትስላለች። እነዚህ ሰብሳቢዎች ያከማቹት ዓሣ ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ አጋሲዝ እጅ ገባ። አጋሲዝ በዚያ ዘመን ስለ ቅሪተ አካል ዓሦች የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ሰው ነበር። አካንቶደስ፣ ኬይራካንተስ፣ ዲፕላካንተስ የሚሉትን ስሞች ያወጣው እሱ ነው።

አጋሲዝ ዓሦችን የሚመድበው በቅርፊታቸው ነበር። ሙሉ ሆነው የተገኙትን አካንቶዲያኖች ሲያይ ቅርፊታቸው ያብረቀርቃል፤ ስለዚህ ጋኖይድ ብሎ ከሰየማቸው ባለ አንጸባራቂ ቅርፊት ዓሦች ጋር መደባቸው። ብቻቸውን የተገኙትን እሾሆች ሲያይ ደግሞ የአንዳንድ ሻርኮችን የጀርባ እሾህ አስታወሱትና ከሻርኮች ወገን አኖራቸው። በቃ፣ አንድ ዓይነት እንስሳ አካሉ እዚህ፣ እሾሁ እዚያ ተመዘገበ። ክላይሜሺየስና ፓሬክሰስ መጀመሪያ ስም ያገኙት ከእሾህ ብቻ ነው። ሙሉ አካላቸው የታወቀው በኋላ፣ በ1860ዎቹ ጄምስ ፓውሪ የተባለ የስኮትላንድ ፎርፋርሻየር ሰው ቱሪን ሂል ከሚባለው ቦታ የወጡትን ዓሦች ሲገልጽ ነው።

እንደ ስህተት ቆጥራችሁት ከሆነ ትንሽ ጠብቁኝ። አጋሲዝ በእሾሁ በኩል የሄደበት መንገድ በመጨረሻ ወደ እውነቱ ቀርቦ ተገኝቷል፤ ምክንያቱ ግን እሱ ያሰበው አልነበረም።

አሁን ወደ ካናዳ እንሻገር። በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች፣ ማኬንዚ ተራሮች ውስጥ፣ ተመራማሪዎች በቅጽል ስሙ «ሰውዬው ኮረብታው ላይ» የሚሉት ቦታ አለ። ዕድሜው ከ410 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዚያ ያወጧቸው ዓሦች የሚገርሙ ናቸው፤ ሙሉ አካል፣ እሾህ፣ ቅርፊት፣ ሁሉም በቦታው። ካቴማካንተስ፣ ብሮኮአድሞኔስ፣ ሉፖፒስሩስ የመሳሰሉት የተገለጹት ከዚህ ቦታ ነው። ከድንጋይ የማውጣቱ ሥራ ግን በመዶሻ አይሆንም። ኖራ ያለበት ድንጋይ ቀጠን ባለ አሴቲክ አሲድ ይዘፈዘፋል፤ አቼቶን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። ኖራው ቀስ በቀስ ይሟሟል። እሾህና ቅርፊት ግን ከካልሲየም ፎስፌት ስለተሠሩ ይተርፋሉ። አሲዱ በዝቶ ከበረታ እነሱንም ይበላቸዋል፣ ስለዚህ እየዘፈዘፉ፣ እያጠቡ፣ እያደረቁ፣ የታየውን በሙጫ እያጠናከሩ፣ መልሶ መዘፍዘፍ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሙያ ባይሞክረው ይሻላል።

ዓሣው ሙሉ ካልሆነ ደግሞ የተረፈው ዝቃጭ በወንፊት ይጣራል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይለቀማል። በ2022 ከቻይና ጉይጁ ክፍለ ሀገር የተገለጸው ፋንጂንግሻኒያ በዚህ ዓይነት ትዕግሥት የተገኘ ነው። 439 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። አንድም ሙሉ አካል አልተገኘም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ተለቅመው፣ የትኛው የትከሻ፣ የትኛው የእሾህ፣ የትኛው የቅርፊት እንደሆነ ተለይቶ ነው ዓሣው በወረቀት ላይ የቆመው። ከክላይሜሺየስ ዘመዶች ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ። ያ ማለት ከሻርክ መስመር ላይ ያሉ ዓሦች ከዚህ በፊት ይታመን ከነበረው ቀደም ብለው ውኃ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ስለ ቅርፊት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነውና። አንድ አካንቶዲያን በሺዎች የሚቆጠር ቅርፊት አለው። ሲሞትና ሲበታተን ሁሉም ደለሉ ውስጥ ይበተናሉ። ስለዚህ ሙሉ ዓሣ ከማግኘት ቅርፊት ማግኘት እጅግ ይቀላል። በባልቲክ አገሮች ከጥልቅ ጉድጓድ በተቆፈረ ቀጭን የዓለት ናሙና ውስጥ እንኳ ይገኛል፤ የትኛው ቅርፊት በየትኛው ሽፋን እንደሚታይ ስለሚታወቅ የዓለቱን ዕድሜ ለመገመትም ይረዳል። በ1856 ክርስቲያን ፓንደር የዛሬዋ ኢስቶኒያ አካል በሆነችው ሳሬማ ደሴት ላይ የተገኙ ቅርፊቶችን መስታወት ላይ አጣብቆ፣ ብርሃን እስኪያሳልፉ ድረስ ሞርዶ፣ ውስጣቸውን በማይክሮስኮፕ አየ። ኖስቶሌፒስ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው።

ውስጣቸው ምን ይመስላል? የአካንቶዲያን ቅርፊት እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ያድጋል። ዓሣው በጨቅላነቱ የነበረው ቅርፊት መሃል ላይ ይቀመጣል፣ በየጊዜው አዲስ ንብርብር ይለብሳል። የዛሬ ሻርክ ቅርፊት ግን አያድግም፤ ይወድቃል፣ በሌላ ይተካል። ይህ ልዩነት ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ለመለየት አገልግሏል። ችግሩ አንድ ዓሣ ራሱ ጭንቅላቱ ላይ፣ ጎኑ ላይና ክንፉ ሥር የተለያየ ቅርጽ ያለው ቅርፊት መያዙ ነው። ቅርፊቶቹ ተበታትነው ሲገኙ ለአንድ ዓሣ ሦስት አራት ስም ማውጣት በጣም ቀላል ነው፣ ተደርጓልም።

ሴሬቶሌፒስ የሚባለውን ውሰዱ። መጀመሪያ የታወቀው በዩክሬን ፖዶሊያ ከተገኙ ቅርፊቶች ብቻ ነው፤ ቅርፊቶቹ ደግሞ የሻርክ ወገን ይመስሉ ነበር። በኋላ አካሉ ከነእሾሁ ከዚያው ከካናዳው ኮረብታ ወጣ። ጉድ ነው፤ ቅርፊቱ ሻርክ፣ እሾሁ አካንቶዲያን! እንዲህ ያለ ዓሣ ሲመጣ ወይ ዓሣው ተሳስቷል ወይ የእኛ ሳጥን። ዓሣ አይሳሳትም።

ለመሆኑ ሳጥኑ ምን ይመስል ነበር? የተለመደው ምደባ ሦስት ክፍል ነበረው። ክላይሜሺፎርሞች ብዙ እሾህና ትከሻቸው ላይ የአጥንት ሳህን ያላቸው ናቸው። ኢሽናካንቲፎርሞች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የተተከለ ጠንካራ አጥንት አላቸው፣ አዳኞች ናቸው። አካንቶዲፎርሞች ደግሞ ጥርስ የላቸውም፣ የጀርባ ክንፋቸው አንድ ብቻ ነው፣ ውኃውን አጣርተው ይመገቡ ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ አካንቶዲያን ተብለው እንደ አንድ ቤተሰብ ይታዩ ነበር። ቤተሰብ ያሰኛቸው ምንድን ነው ቢባል መልሱ ያው እሾሁ ነው።

እዚህ ላይ የምደባውን ዋና ሕግ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባም። መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አያሳይም፤ መመሳሰሉ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዴ ሁለት እንስሳት አንድን ነገር በየራሳቸው ያበቅላሉ። ቆሮሶ በእጁ የያዘ ሰው የጀርባውን እሾህ ያውቀዋል፤ አምባዛም የደረት ክንፉ ላይ እሾህ አለው፤ ግን ሁለቱ በእሾሃቸው ምክንያት ዘመድ አይሆኑም። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ከሩቅ አያት የወረሱት ነገር ይሆናል። አከርካሪ እኛም አለን፣ እንቁራሪትም አላት፤ እኔና እንቁራሪት ከሌላው ተለይተን ቤተሰብ ነን ለማለት አይረዳም። ዋጋ ያለው ሦስተኛው ብቻ ነው፦ የአንድ ቅርንጫፍ አያት አዲስ ያመጣው፣ ልጆቹም ከእሱ የወረሱት ባሕርይ።

የአካንቶዲያኑ እሾህ ከየትኛው ነው? በ2009 ከቻይና ዩናን የተገለጸው ጉዪዩ የተባለ ዓሣ አጥንታም ዓሣ ነው፣ ማለትም እኛም ከወጣንበት፣ አጽሙ አጥንት ከሆነው ወገን። እሱም ክንፉ ፊት ላይ እሾህ ነበረው። በ2003 ደግሞ ከካናዳ ኒው ብረንስዊክ 409 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የዶሊዮደስ አካል ተገለጸ፤ ጥርሱ የሻርክ ነው፣ የደረት ክንፎቹ ግን ጥንድ እሾህ ተሸክመዋል። በሻርክ ወገን እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። እሾሁ እንግዲህ ከዚህም ከዚያም ሲገኝ የጥንት የጋራ ውርስ ነው ማለት ነው። አካንቶዲያን የሚለው ሳጥን የተሠራበት ዋና ምስማር በዚህ ወለቀ።

ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደ ጭንቅላት ዞረ። አንጎልን የሚይዘው የራስ ቅል ክፍል ነርቭና ደም ሥር የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች፣ የጆሮ ክፍሎች፣ የመንጋጋ መጋጠሚያዎች የሞሉበት ነው፤ ስለ ዝምድና ብዙ ይናገራል። ግን ልም አጥንት ስለሆነ አይገኝም። ለብዙ ዓመታት በደንብ የታወቀው የአንድ ዓሣ ብቻ ነበር፣ የአካንቶደስ ብሮኒ። የተገኘው ጀርመን፣ ሌባክ፣ ብረት ባዘለ ሞላላ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ ወደ 290 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። (ከዚያው ከሌባክ በ2008 የተገለጸ አንድ ቅሪተ አካል አለ፤ ትንሽ ሻርክ ናት፣ ሆዷ ውስጥ ሁለት አምፊቢያን፣ ከአንደኛው አምፊቢያን ሆድ ውስጥ ደግሞ አንድ ትንሽ አካንቶደስ። ይህን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።)

ሮጀር ማይልስ በ1973 የአካንቶደስን ራስ ቅል አጥንቶ ከአጥንታም ዓሦች ጋር ይመሳሰላል አለ። መላው ቡድን በአንድ ዓሣ ጭንቅላት ተጎትቶ ወደ አጥንታሞቹ ወገን ገባ። ችግሩ አካንቶደስ ከመጨረሻዎቹ አንዱ መሆኑ ነው። ስለ ቀደምቶቹ ከእሱ መገመት አስቸጋሪ ነው። በ2009 ማርቲን ብራዞ የእንግሊዙን ፕቶማካንተስ ራስ ቅል ገለጸ፤ ከአካንቶደስ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይቀድማል፣ ቅርጹም በጣም ይለያል። አንድ ቤተሰብ የሚለው ነገር ከዚህ በኋላ መናጋት ጀመረ።

በ2012 ዴቪስ፣ ፊናሬሊና ኮትስ የአካንቶደስን ራስ ቅል እንደገና አዩት። ማይልስ ካለው በተቃራኒ የጥንት ሻርክ ጭንቅላት መስሎ አገኙት። በቁጥር ሲለካም ለሻርኮቹ ይቀርባል። ነገር ግን ከመቶ በላይ ባሕርያትን በሰንጠረዥ አድርገው ኮምፒውተሩ የዝምድናውን ዛፍ እንዲያወጣ ሲያደርጉ አካንቶደስን ከአጥንታሞቹ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው! ግራ ያጋባል፣ አውቃለሁ። ከላይ ያለውን ሕግ ካስታወሳችሁ ግን ግልጽ ነው። መመሳሰሉ ሻርኮችም አጥንታሞችም ከጋራ አያታቸው የወረሱት አሮጌ ቅርጽ ከሆነ፣ ለሻርክ መምሰል የሻርክ ዘመድ አያደርግም። ሌሎቹ አካንቶዲያኖች በዚያ ዛፍ ላይ ተበታተኑ፤ ገሚሱ ከሻርክ መስመር፣ ገሚሱ ከሁለቱም መለያየት በፊት።

አንድ ዓመት ሳይቆይ ሰሌዳውን የገለበጠ ዓሣ መጣ። በ2013 ዙ ሚንና ባልደረቦቹ ከዩናን ኤንቴሎግናተስን ገለጹ፣ 419 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ሰውነቱ የፕላኮደርም ነው፤ ፕላኮደርሞች እንደ ጋሻ ባለ የአጥንት ሳህን የተሸፈኑ፣ ከሻርክም ከእኛም የሚቀድሙ ዓሦች ናቸው። መንጋጋው ግን የአጥንታም ዓሣ ነው፣ የእኛን መንጋጋ የሚሠሩት አጥንቶች እዚያ ተደርድረዋል። እስከዚያ ድረስ እነዚህ ትልልቅ የፊትና የመንጋጋ አጥንቶች በአጥንታሞቹ ቅርንጫፍ አዲስ የበቀሉ ይመስሉ ነበር። ለካ ከመጀመሪያው ነበሩ፣ የጣሏቸው ሻርኮች ናቸው። ሻርክ ጥንት እንደነበረ ያለ፣ ያልተለወጠ እንስሳ ነው የሚለውን ወሬ እርሱት፤ ብዙ የተለወጠው እሱ ነው።

ይህ ከገባችሁ የአካንቶዲያን ነገር ራሱን ይፈታል። ትልልቆቹን አጥንቶች አጥተው በደቃቅ ቅርፊት መሸፈናቸው ከሻርኮች ጋር የሚጋሩት አዲስ ባሕርይ ሆነ ማለት ነው። ዛፉ እንደገና ሲሠራ ሁሉም፣ አካንቶደስ ጭምር፣ ወደ ሻርክ ግንድ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች በአብዛኛው ይህንኑ ይላሉ። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ሆነው አልሄዱም። ወደ ዛሬው ሻርክ፣ ሬይ ወደሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣና ኪሜራ ወደሚባለው የሻርክ ዘመድ በሚወስደው ግንድ ላይ በየደረጃው የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። የእርስ በርስ ቅደም ተከተላቸው እስካሁን ያከራክራል፣ በተለይ የክላይሜሺየስ ወገኖች ነገር። አካንቶዲያን የሚለው ስም ራሱ ዛሬ እንደ ቅጽል ስም ነው የሚሠራበት፤ ጥንቁቆቹ ጸሐፊዎች በትእምርተ ጥቅስ ይከቱታል።

አዲስ ዝርያ ሲገኝስ? አሠራሩ አልተለወጠም። ስሙን የሚሸከም አንድ ናሙና ይመረጣል፣ በሙዚየም ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከሌሎቹ በምን እንደሚለይ ይጻፋል። ለአንድ ዓሣ ሁለት ስም ከወጣ ቀድሞ የወጣው ያሸንፋል። ደቡብ አፍሪካ ግራሃምስታውን (ከ2018 ወዲህ ማካንዳ ትባላለች) አጠገብ ዋተርሉ ፋርም ከሚባለው ቦታ በ2001 ሮብ ጌስ የገለጸው ዲፕላካንተስ አከስ በዚህ መንገድ ነው የገባው፤ ያ ቦታ የተገኘው በ1985 አውራ ጎዳና ሲሠራ ኮረብታው በመቆረጡ ነበር። ከእሾህ ብቻ የተሰየሙት ግን አሁንም ራስ ምታት ናቸው። የቻይናው ሲናካንተስ አካንቶዲያን ነው ተብሎ ለአርባ ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ የእሾሁ ውስጣዊ አሠራር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወደ ሻርኮች ወገን ተዛወረ። ዛሬ እንዲህ ያለ እሾህ የሚያገኝ ተመራማሪ ሲቲ ስካን ወይም ከእሱ የበረታ ራጅ ስለሚጠቀም ሳይቆርጥ ውስጡን ያያል።

እንግዲህ ስለ እነዚህ ዓሦች የሆነ ቦታ ስታነቡ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዓመት እዩ። የአጥንታም ዓሦች የቅርብ ዘመድ ናቸው ካለ ከ2013 በፊት የተጻፈ ወይም ከዚያ በፊት ከተጻፈ የተገለበጠ ነው። ራሳቸውን የቻሉ አንድ ክፍል ናቸው ካለም እንዲሁ። ስሞቹን፣ ቦታዎቹንና ሥዕሎቹን እመኑ፤ የዝምድና ዛፉን ግን ከአዲስ ጽሑፍ ፈልጉ።